ጋሽ ዳልኬ የራሳቸውን ተናገሩ

አባቴ በሥራ ሰዓት አይደውልም። ሚኒባስ ሹፌር ስለሆነ፣ ሶዶ መናኸሪያ ወረፋ ላይ ካልሆነ ቦዲቲ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ባለፈው ወር አንድ ረቡዕ ጠዋት ከክፍል ስወጣ ስልኬ ላይ ስሙን ሳይ ደነገጥኩ።

“ዳልኬ አረፈ” አለኝ።

ከበስተጀርባው ረዳቶች “ቦዲቲ፣ ቦዲቲ፣ አንድ ሰው የቀረው” እያሉ ሲጣሩ ይሰማኛል።

“አባዬ፣ ነገሩን ተናገርክ?” ብዬ ጠየቅሁት።

“አልተናገርኩም” አለና ዘጋው።

አባቴ ሳይናገረው የቀረው ምን እንደሆነ ከመጻፌ በፊት፣ ጋሽ ዳልኬ ማን እንደነበሩ መጻፍ አለብኝ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና አምስት ወሬ ነው፤ ጽሑፍም ብዙ አልጻፍኩም። የማውቀውን ግን በቅደም ተከተሉ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

ጋሽ ዳልኬ ጎረቤታችን ነበሩ። ሶዶ ውስጥ ወደ ኦቶና በሚወስደው መንገድ ዳር ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ፣ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል አለች። እዚያ የመኪና ሙዚቃ ይሠራሉ፤ ቴፕ፣ ስፒከር፣ አምፕሊፋየር። አምፕሊፋየር ማለት ከቴፑ የሚወጣውን ደካማ ድምፅ ለትልልቅ ስፒከሮች የሚያጎላው ሣጥን ነው፤ ኃይሉን ከባትሪው በቀጥታ በወፍራም ሽቦ ይወስዳል። ክፍሏ ላይ ምንም የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሹፌር ሁሉ ግን ያውቃታል።

ቀጭን ነበሩ። ሃያ ምናምን ዓመት ዳሽቦርድ ሥር በጀርባቸው ሲተኙ ስለኖሩ ቀጥ ብለው መቆም አይችሉም ነበር። ስኳርም ነበረባቸው። ጠዋት ለትምህርት ስወጣ “እንዴት አደሩ ጋሼ?” ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ “ደክሞኝ አደርኩ።” እንዲህ ብለው ማታ ፀሐይ እስክትገባ ይሠራሉ። እናቴ “የዳልኬ ድካም የሌላውን ሰው ብርታት ያስንቃል” ትል ነበር።

መኪና ሲመጣላቸው ወዲያው አይነኩም። መጀመሪያ ባለመኪናውን ይጠይቃሉ።

“መጨረሻ የነካው ማነው?”

“ማንም” ይላል ሰውዬው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።

“ይሄ ማንም የሚባል ሰውዬ ስንት መኪና አበላሸ” ይላሉ ጋሽ ዳልኬ፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳቅ ሳይታይ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው የባትሪውን ኔጌቲቭ ሽቦ ይፈታሉ። ኔጌቲቩ ሳይፈታ አንድም ሽቦ አይነኩም። ሰው ቸኩሎ “ትንሽ ነገር ናት እኮ” ካላቸው፣ ፒንሳውን አንስተው ይሰጡታል። “እንግዲያው ትንሽ ከሆነች አንተ ሥራት።”

አንድ ቅዳሜ የሆነውን አስታውሳለሁ። አንድ ወንጌላዊ ለስብከት የሚዞርበትን ፒክአፕ ይዞ መጣ። ሞተሩ ሲነሳ ስፒከሩ ይጮሃል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ጩኸቱ ይቀጥናል፣ እንደ ትንኝ። ወንጌላዊው ሦስት ቦታ አሳይቶ አልተገኘለትም።

“ጋሽ ዳልኬ፣ እኔስ አሁን ጸሎት ነው የቀረኝ” አለ። “ስብከት ስጀምር ነው የሚብሰው። ሰይጣን ሳይሆን አይቀርም።”

“ሞተሩን አጥፋው እስቲ።”

አጠፋው። ጩኸቱ ጠፋ።

“ሰይጣን ቤንዚን አያስፈልገውም” አሉ ጋሽ ዳልኬ።

እኔ አጥሩ ጋ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ወንጌላዊውም ሳቀ። እሳቸው ግን ወንበሩን አንስተው አምፕሊፋየሩን ፈለጉ። ከቴፑ የሚመጡትን የድምፅ ገመዶች ነቀሉና ሞተሩን አስነሱ፤ ጩኸቱ አሁንም አለ። “ከቴፑ አይደለም” አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ጥቁሩን ሽቦ፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን፣ በጣታቸው እየዳሰሱ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ብሎኑን ፈቱት። ሥሩ ያማረ ሰማያዊ ቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

“ተመልከት” አሉት። “ቀለም ላይ አስረው ኤሌክትሪክ ይለምናሉ።”

በቢላ ፋቁት። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፋቁት፤ እንደገና አሰሩት። ጩኸቱ የለም። ወንጌላዊው ማይኩን ይዞ “ሃሌ ሉያ” ሲል መንገዱ ሁሉ ሰማ። ጋሽ ዳልኬ መኪናው ሲሄድ እንኳ አላዩትም፤ ደረጃቸው ላይ ተቀምጠው የቀዘቀዘ ቦዬ፣ የተቀቀለ ሥራ ሥር፣ በሚያቃጥል ዳጣ መብላት ጀምረው ነበር። “ሽቦ አይዋሽም” አሉኝ በአጥሩ በኩል፣ እንዳየኋቸው አውቀው። “የሚዋሸው ያሰረው ሰው ነው።”

አባቴና እሳቸው በዕድሜ ቢበላለጡም እንደ እኩያ ነበሩ። የሚያወሩት በወላይትኛ ነው፤ እኔ እዚህ በአማርኛ እየጻፍኩት ነው። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ሁለቱ ቤቶች ሥጋውን አብረው ነበር የሚበሉት። አንድ ዓመት በእኛ ግቢ፣ አንድ ዓመት በእነሱ።

ነገሩ የተበላሸውም በጊፋታ ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ልጀምር ስል ነበር። የሶዶን ጊፋታ የሚያውቅ ሰው መናኸሪያው ያን ሰሞን ምን እንደሚመስል ያውቃል። ወደየአገሩ የሄደው ሁሉ ይመጣል፤ ወጣቱ ደግሞ መኪና የሚመርጠው በሙዚቃው ነው። ዝም ያለ ሚኒባስ ወረፋው ደርሶ እንኳ አይሞላም። አባቴ የሚነዳው ሚኒባስ የእሱ አይደለም፤ አቶ ከበደ የሚባሉ ሰው ንብረት ነው። አቶ ከበደ ትልቅ አምፕሊፋየር ገዝተው “ከበዓሉ በፊት ይታሰር” አሉ። አባቴ ወደ ጋሽ ዳልኬ ወሰደው። በዚያ ሳምንት በራቸው ላይ የቆሙት መኪኖች እስከ እኛ በር ድረስ ይደርሱ ነበር። ጋሽ ዳልኬ ምሳም አይበሉም፤ እትዬ አስቴር፣ ባለቤታቸው፣ ሻይ በቴርሞስ ዳሽቦርድ ሥር ድረስ ያቀብሏቸው ነበር። የአባቴን መኪና አሰሩለት። ሙዚቃው ቆንጆ ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ፊውዙ ተበጠሰ። ፊውዝ ሽቦው ከመጠን በላይ ኃይል ሲወስድ ራሱን በጥሶ እሳት የሚከለክል ትንሽ ነገር ነው። አባቴ ሌላ ገዝቶ አስገባ። እሱም ተበጠሰ። ጋሽ ዳልኬ ጋ መጣ።

“ፊውዙ ደካማ ነው” አላቸው።

“ፊውዙ ደካማ አይደለም። አንድ ቦታ ከብረት ጋር የሚነካካ ሽቦ አለ። ግማሽ ቀን ተውልኝ፣ ልፈልገው።”

“በጊፋታ ሰሞን ግማሽ ቀን? ከበደ ይገድለኛል።”

“እንግዲያው ሙዚቃውን አጥፍተህ ሥራ።”

“አጥፍቼማ ማንን እጭናለሁ? ያንተን ቦዬ?”

ጋሽ ዳልኬ ሌላ መኪና ሥር ነበሩ። እግራቸው ብቻ ነው የሚታየው። “ጴጥሮስ፣ ደክሞኛል” አሉ ከሥር። “ነገ ጠዋት አምጣው፣ ከሁሉም በፊት አንተን አያለሁ።”

በማግስቱ አባቴ አልወሰደውም። ቀትር ላይ ለምሳ ሲመጣ ግቢያችን ውስጥ አቁሞ የፊውዙን ቤት ከፈተ። ከአሮጌ ሽቦ ላይ የመዳብ ክሮችን መዘዘ፣ ጠመዘዛቸው፣ በፊውዙ ቦታ አስገባቸው። እኔ ውሃ ይዤለት ቆሜ አየሁት። ብዙ ሹፌሮች እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፤ አንዳንዱ የተበጠሰውን ፊውዝ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ይጠቀልለዋል። መዳቡ ግን አይበጠስም። ሽቦው ከተነካካ ከፊውዙ ይልቅ ሽቦው ነው የሚነደው።

“ለጋሽሽ እንዳትነግሪው” አለኝ አባቴ። “በዓሉ ሲያልፍ እቀይረዋለሁ።”

አልነገርኩም። ጋሽ ዳልኬ ከአጥሩ ማዶ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ።

የጊፋታ ማግስት፣ ቦዲቲ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ወጣ። ከዚያ እሳት። አባቴ ዳር አውጥቶ አቆመ። ሰው በበርም በመስኮትም ወረደ። አንዲት እናት በመስኮት ሲወርዱ ክንዳቸው ተሰበረ። ሌላዋ ለገበያ የያዘችውን ወተት ከጄሪካኑ እሳቱ ላይ አፈሰሰችው፣ ሌሎቹም አፈር ጨመሩበት፣ በዚህ ነው የጠፋው። የሞተ ሰው የለም። የመኪናው ፊት ግን ከሰል ሆነ።

አስጎትተው ያመጡት ጋሽ ዳልኬ በር ላይ ነው። አቶ ከበደ መጡ፣ ከመናኸሪያ ሹፌሮች ተከትለው መጡ፣ ሰፈሩም ወጣ። አባቴ እጁን አጣምሮ ግንቡ ላይ ተደግፎ ቆመ። ልብሱ ወተትና ጭስ ይሸታል።

ጋሽ ዳልኬ ኔጌቲቩን ፈቱ። ባትሪው እንኳ ሞቷል፤ ግን ፈቱት። በዚያ ቀን ግን “መጨረሻ የነካው ማነው?” ብለው አልጠየቁም። ትንሿን መብራት በጥርሳቸው ነክሰው ዳሽቦርዱ ሥር ገቡና ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲወጡ ሁለት ነገር ይዘዋል። አንደኛው የሽቦ ቁራጭ ነው፣ ጎኑ ተልጦ መዳቡ የሚታይ። ሁለተኛው የፊውዙ ቤት ነው፤ ቀልጦ፣ ተደፍኖ፣ ጠቁሮ፣ መዳቡን ውስጡ ደብቆ። ሁለቱንም መሬት ላይ በጨርቃቸው ላይ አስቀመጡ።

“ይሄ ሽቦ” አሉ በአማርኛ፣ ለአቶ ከበደ፣ “በዚህ ብረት ቀዳዳ ነው የሚያልፈው። ቀዳዳው ላይ ጎማ ይደረጋል፣ ብረቱ እንዳይበላው። እኔ ጎማ አላደረግኩም። ሰው በዝቶብኝ፣ ደክሞኝ፣ በኋላ አደርጋለሁ ብዬ ረሳሁት። መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ ብረቱ በላው።”

“ስለዚህ አንተ ነህ ያቃጠልከው” አሉ አቶ ከበደ።

“ሽቦውን ያለጎማ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።”

“ይሄስ ምንድነው?” አቶ ከበደ በጫማቸው ጫፍ የፊውዙን ቤት ነኩት።

ጋሽ ዳልኬ ቀና አሉ። አባቴን አዩት። ረጅም ጊዜ አይደለም ያዩት፤ ሰው አንድ ቃል የሚጀምርበትን ያህል ጊዜ ነው። እኔ ከእናቴ ጎን ነበርኩ። አባቴ መሬት መሬት አየ።

“ይሄ የፊውዙ ቤት ነው” አሉ ጋሽ ዳልኬ።

ፊውዙ ለምን እንዳልተበጠሰ የጠየቀ የለም። ሁሉም የሚፈልገውን ሰምቷል።

አቶ ከበደ መኪናውን ሌላ ቦታ አስጠገኑት። አባቴ ሥራውን አላጣም። ጋሽ ዳልኬ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰው ቀረባቸው። መናኸሪያ ውስጥ “ዳልኬ ጋ ስትሄድ ውሃ ይዘህ ሂድ” ይባባሉ ነበር፤ አንዱ ደግሞ “ውሃ ምን ያደርጋል፣ ወተት ነው የሚሻለው” ይላል። አባቴ እዚያው ቆሞ ይሰማል። ቤት ሲመጣ እራቱን ሳይጨርስ ይነሳ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ ደረጃቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አየኋቸው። በራቸው ላይ አንድም መኪና የለም። አሮጌ ሽቦ በናስትሮ እየጠቀለሉ ነበር፣ ለምንም የማይሆን ሽቦ።

“ጋሼ፣ ለምን አልተናገሩም?” አልኳቸው።

“ተናገርኩ እኮ። የራሴን።”

“የአባቴንስ?”

እጃቸው ቆመ። እንደማውቅ አላወቁም ነበር መሰለኝ።

“የአባትሽን አባትሽ ይናገራል። አፍ አለው።”

“ባይናገርስ?”

“ተማሪዋ” አሉኝ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ፣ “እኔ ጎማዋን ባደርግ ኖሮ መዳቡ ምንም አያመጣም ነበር። አባትሽ መዳቡን ባያደርግ ደግሞ የእኔ ስህተት ፊውዝ በጥሶ ያበቃ ነበር። ሁለት ሰው ነው ያቃጠላት። የእሱን እኔ ከተናገርኩለት የእሱ አይሆንም፤ ክስ ነው የሚሆነው።” ናስትሮውን በጥርሳቸው ቆረጡ። “ይመጣል። እጠብቀዋለሁ።”

“ይቅር ብለውታል ማለት ነው?”

“ማን አለሽ?” አሉኝ፣ በቁጣ ማለት ይቻላል። “ተቆጥቻለሁ። ስለደከመኝ ነው የማያስታውቀው።”

እውነት ነበር። አባቴን “ሳሮ” ብለው ሰላም ማለት አልተዉም፣ ግን ቤታችን አልገቡም። በቀጣዩ ጊፋታ ተራው የእኛ ግቢ ነበር። እትዬ አስቴር መጡ። እሳቸው ባዶ ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠው ቀሩ። አባቴ ምርጡን ሥጋ ለይቶ በሳህን አድርጎ እኔን ላከኝ። ሳህኑን ተቀብለው አመስግነው መርቀውኝ ላኩኝ። ማታ ሳህኑ ታጥቦ ተመለሰ፤ ሥጋውን የሰፈሩ ልጆች ሲበሉት አይቻለሁ።

አባቴን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ደፍሬ የጠየቅሁት፣ ዩኒቨርሲቲ ልሄድ ሻንጣዬን ሲጭንልኝ። “ከተናገርኩ ከበደ መኪናውን ይወስዳል” አለኝ። “አንቺን ማን ያስተምራል?” ከዚያ በኋላ ልጠይቀው አልቻልኩም። የእኔም ድርሻ ነበረበት።

ከደወለልኝ በኋላ በነጋታው ሶዶ ደረስኩ። ድንኳኑ በሁለቱ ቤቶች ፊት ተተክሏል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይዘምራሉ፣ ያቆማሉ፣ ይዘምራሉ። ሹፌሮቹ ሁሉ መጥተዋል፣ ሁለት ዓመት ተኩል ያልመጡት ሁሉ። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። አባቴ በመካከላቸው ነው። አቶ ከበደ በመግቢያው በኩል ተቀምጠዋል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ ውሃ አድላለሁ።

“እጁ ወርቅ ነበር” አለ አንዱ ሽማግሌ ሹፌር። “እንደሱ ጩኸት የሚያጠፋ አልነበረም።”

“ያቺ አንዷ መኪና ናት ያበላሸችበት” አለ ሌላው።

“ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ያቺን ባያቃጥል ኖሮ እኮ…”

“ያቺን እኔ ነኝ ያቃጠልኳት” አለ አባቴ።

ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። አጠገቡ ያሉት ብቻ ዞሩ።

“ምን ማለትህ ነው?”

“ፊውዙ እየተበጠሰ አስቸገረኝ። አውጥቼ መዳብ አስገባሁበት። ዳልኬ መኪናውን ተውልኝ ብሎኝ ነበር፣ አልተውኩለትም። የፊውዙን ቤት ሲያወጣ መዳቡን አይቶታል። ዝም አለልኝ።”

ሽማግሌው አባቴን ረጅም ጊዜ አየው። “ዛሬ ነው የምትነግረን?” አለው።

እትዬ አስቴር ከቤት ደጃፍ ላይ ነበሩ። ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው፣ ከእንቅልፍ ማጣት ዓይናቸው ቀልቶ። ሰዎች ዝም ሲሉ ወደ ወንበሮቹ መጡ። የሰሙት ይመስለኛል። ግማሹን ብቻ ሊሆንም ይችላል።

“ጴጥሮስ” አሉት፣ “ቆመህ ተናገር። ፊት ያሉት አልሰሙህም።”

አባቴ ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ። ዘማሪዎቹ ዝም አሉ። ሁሉንም እንደገና ተናገረ፣ ፊውዙን፣ መዳቡን፣ በግቢያችን ቀትር ላይ እንዳደረገው፣ ጋሽ ዳልኬ መሬት ላይ ጨርቃቸውን ዘርግተው ሲያዩት ምን እንዳሰበ። እኔ የውሃ ማሰሮውን ይዤ ቆሜ “እኔም አይቻለሁ” አልኩ፣ ማንም ባይጠይቀኝም።

አቶ ከበደ ከመግቢያው ተነስተው መጡ። እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ ከኪሱ የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ሰጣቸው። ተቀብለው ከድንኳኑ ወጡ። ሰው ሁሉ ሲሄዱ አያቸው፤ ከዚያ አባቴን አየ።

እትዬ አስቴር እንባ ያራሰውን ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

“አሁን ተሰማ” አሉና ወደ ቤት ገቡ።